ጉድጓድ ገብቶ መዳኘት፦ የአፈርና የግጦሽ ውድድር በትምህርት ቤትዎ እንዴት ይዘጋጃል?

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» ቢባል ትርጉሙን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚሻገረው ቦይ ግን ካቻምና በአንድ እርምጃ ይታለፍ እንደነበር፣ ዘንድሮ መዝለል እንደሚጠይቅ ልብ አይልም። ከጎኑ የተቀመጠው፣ ከብት ሲጠብቅ ያደገው ጓደኛው ደግሞ ላም የትኛውን ሣር ቀድማ እንደምትነጭ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀቱን ጠይቆ ነጥብ የሰጠው መምህር ግን የለም።

ለሁለቱም የሚሆን መድረክ አለ፤ መሬቱ ላይ የሚካሄድ የዳኝነት ውድድር። ተማሪዎች ጉድጓድ ገብተው አፈሩን ይዳስሳሉ፣ ግጦሹን ይቆጥራሉ፣ በመጨረሻም «ይህ መሬት ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ ውሳኔ ሰጥተው ለምክንያታቸው ይሟገታሉ። በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው የወጣቶች የመሬትና የግጦሽ ዳኝነት ውድድርም መሠረቱ ይኸው ነው። ልጆቹ መሬቱን አይተውና ዳስሰው ይፈርዳሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለመምህራን፣ ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪዎችና ለግብርና ልማት ሠራተኞች ነው። ውድድሩ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ 24 ተማሪዎች ይሆናል። ተማሪዎቹ በአራት በአራት ሆነው 6 ቡድን ይመሠርታሉ፤ ውድድሩም በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዶማ፣ አካፋ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ማጭድ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ በግራም የሚመዝን ሚዛን እና የገመድ ውሃ ልክ (የልማት ሠራተኞች «ላይን ሌቭል» የሚሉት) ይበቃሉ።

1. ወቅቱንና ቦታውን ይምረጡ

ሣር በደንብ የሚለየው አበባው ወይም ዘሩ ሲወጣ ነው። አፈርም በእጅ የሚነበበው እርጥበት ሲኖረው ነው። በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ሁለቱ የሚገናኙት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ፣ ሥልጠናውን መስከረም ውስጥ ጀምረው ውድድሩን በጥቅምት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ያድርጉ። የዝናብ ወቅቱ የተለየ ከሆነ ቀኑን በዚያው ልክ ያዛውሩ። በቦረና ለምሳሌ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ስለሆነ የጥቅምቱ ቀጠሮ እዚያ አይሠራም።

ቦታው ከትምህርት ቤቱ በእግር ከግማሽ ሰዓት የማይርቅ ይሁን። ሁለት ዓይነት መሬት ጎን ለጎን ቢገኝ እጅግ ጥሩ ነው። አንዱ ከብት የማይገባበት ክልክል፣ ሌላው በየቀኑ የሚጋጥ ይሁን። ልጆች ልዩነትን በንጽጽር ካላዩ በቀር «ጥሩ ግጦሽ» የሚለው ቃል ባዶ ይሆንባቸዋል።

የተለመደው ስሕተት፦ በጣም የተጎዳ መሬት ብቻ መምረጥ ነው። ሁሉም ነገር ተበላሽቶ የሚያይ ልጅ ተስፋ መቁረጥን ይማራል፤ መዳኘትን ግን አይማርም።

2. ፈቃድ ይጠይቁ፣ ዳኞችን ይሰይሙ

የግል ይዞታ ከሆነ ባለቤቱን፣ የወል ግጦሽ ከሆነ የቀበሌውን አስተዳደርና ቦታውን የሚጠቀሙትን ሰዎች አስቀድመው ያነጋግሩ። ጉድጓድ ሊቆፈር እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደፈንም ይንገሯቸው። መሬቱን ለመለካት የመጣ ሰው የት እንደሚያደርሳቸው ካላወቁ መጠራጠራቸው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ለትምህርት ብቻ እንደሆነ በግልጽ ያስረዱ።

ሦስት ዳኞች ይበቃሉ። አንዱ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ሁለተኛው መምህር፣ ሦስተኛው ቦታውን ለረጅም ዓመታት የሚያውቁ አርሶ አደር ወይም አርብቶ አደር ይሁኑ። ሦስተኛውን ዳኛ ለክብር ያህል ብቻ አያስቀምጧቸው። የሣሩን የአካባቢ ስም፣ መሬቱ ቀድሞ ምን እንደነበር፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ የሚመሰክሩት እሳቸው ናቸው። የመንዝ ጓሳን የመሰለ ሰፊ የሣር ምድር ለዘመናት የጠበቀው የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሥርዓት መሆኑን ተማሪዎች ሲሰሙ፣ የሽማግሌው ወንበር ትርጉም ይገባቸዋል።

3. አምስት ሳምንት ያሠልጥኑ

በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት አፈርን በእጅ መለየት፣ በሁለተኛው ተዳፋትና የውሃ ስርገት መለካት፣ በሦስተኛው ሣሮችን ማወቅና በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ማድረቅ፣ በአራተኛው የእርምጃ ቆጠራና የመኖ ስሌት፣ በአምስተኛው ደግሞ ሙሉ ልምምድ ያድርጉ።

ቡድኖቹን ሲያዋቅሩ ከብት ጠብቆ ያደገውንና ከተማ ያደገውን፣ ሴቶችንና ወንዶችን ያቀላቅሉ። ሣሩን የሚያውቅና ስሌቱን የሚያውቅ አብረው ሲሠሩ ሁለቱም ይማራሉ።

የተለመደው ስሕተት፦ የመልስ ዝርዝር አባዝቶ ማስሸምደድ ነው። ልምምዱ በሚካሄድበት ቦታ ውድድሩን አያድርጉ። ተማሪው አዲስ ጉድጓድ ፊት ሲቆም ነው መማሩ የሚታወቀው።

4. ጉድጓዱን በጥንቃቄ ይቆፍሩ

ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ከዚያ በላይ አይውረዱ፤ ጠርዙ ሊናድ ይችላል። በአንዱ ጫፍ መውጫና መግቢያ ደረጃ ይተዉ። የሚነበበው ግድግዳ በውድድሩ ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን፤ በጥላ ውስጥ የአፈር ቀለም ያታልላል።

የላይኛውን አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ይከምሩ። ሲደፍኑ የታችኛው ቀድሞ፣ የላይኛው መጨረሻ ይመለሳል። ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሠሩት መልካም ነው። የላይኛው ስስ ሽፋን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይነግራቸዋል።

ከሚነበበው ግድግዳ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉን በሲባጎ ከልለው ማንም እንዳይነካው ያድርጉ። ሃያ አራት ልጅ ሲቧጥጠው የዋለ ግድግዳ የመጨረሻው ቡድን ሲደርስ የመጀመሪያውን መልኩን አይዝም፤ የተከለለው ክፍል ግን ለሁሉም እኩል ይቆያል። ጉድጓዱ ሲያድር ዙሪያውን በእሾህ አጥር ይጠሩ፤ ከብትም ሕፃንም ሊገባበት ይችላል። ውሃ ባቆረ ዋልካ መሬት ላይ አይቆፍሩ።

5. ሦስቱ የአፈር ጣቢያዎች (35 ነጥብ)

በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ቡድን ለ15 ደቂቃ ይቆያል። ልኬቱ በጋራ ይወሰዳል፤ መልሱን ግን እያንዳንዱ ተማሪ በግል ይጽፋል። አንድ ጎበዝ ልጅ ሦስቱን ተሸክሞ እንዳያልፍ የሚያደርገው ይህ ደንብ ነው።

ሀ. ጉድጓዱ (20 ነጥብ)። ተማሪው አራት ነገር ይመልሳል።

የአፈሩ ዓይነት (6 ነጥብ)፦ እፍኝ አፈር ወስዶ ጠጠርና ሥሩን ይለቅማል፤ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ እስኪሆን ያሸዋል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየገፋ እንደ ጥብጣብ ያወጣዋል። ጨርሶ ድቡልቡል መሆን እንቢ ካለ አሸዋ ነው። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ድብልቅ አፈር፣ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ሸክላ ያመዘነበት ድብልቅ፣ ከ5 ካለፈ ሸክላ ነው። እዚህ ልጆች የሚሳሳቱት ውሃ በማብዛት ወይም ሳያሹ በመቸኮል ነው፤ ያልታሸ የሸክላ ጓል በእጅ ሲዳሰስ አሸዋ ይመስላል።

ጥልቀቱ (5 ነጥብ)፦ ሥር ሳይገታ የሚወርድበት ድረስ ይለካል። መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ25 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 100፣ ወይም ከ100 በላይ። ዓለት ብቻ ሳይሆን ቢላ የማያስገባ ድርቅ ያለ ንጣፍም ሥርን እንደሚያቆም ያስተምሩ።

ቀለሙና የውሃ አወጣጡ (5 ነጥብ)፦ ወጥ የሆነ ቀይ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ውሃና አየር በደንብ እንደሚተላለፉበት ያሳያል። ግራጫ ውስጥ የዝገት ነጠብጣብ ከታየ ውሃ እየተኛበት ነው። «ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው» የሚለውን እምነት እዚህ ያርሙት። የዋልካ ጥቁረት የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም፤ ዋልካ በክረምት ውሃ የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ የራሱን አያያዝ የሚፈልግ አፈር ነው።

የመታጠብ ምልክት (4 ነጥብ)፦ ከጉድጓዱ ወጥቶ ዙሪያውን ያያል። የተራቆተ ሥር፣ ላዩን የሸፈነ ጠጠር፣ ትንንሽ ቦይ፣ ቦረቦር፣ ከቁጥቋጦ ሥር የተከማቸ ደለል ይመዘግባል። በሥልጠናው ጊዜ አንድ ስሌት ያሠሯቸው፤ ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ሲታጠብ የሚሄደው 10 ሜትር ኩብ ነው። ያን ያህል አፈር ከ10 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በዓይን ግን አይታወቅም። ምልክቱን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለ. ተዳፋት (8 ነጥብ)። ቁመታቸው እኩል የሆኑና በሴንቲ ሜትር የተመለከቱ ሁለት ዘንጎች በ10 ሜትር ሲባጎ ይያያዛሉ፤ ውሃ ልኩ መካከሉ ላይ ይንጠለጠላል። ሲባጎው ልክ አግድም ሲሆን በሁለቱ ዘንጎች ላይ የሚነበበው ልዩነት 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው። ሲባጎው ከረገበ ልኬቱ ይበላሻል። መቶኛን ከዲግሪ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ተዳፋት ማለት ነው። ተዳፋቱን ያላወቀ ሰው እርከኑን በምን ያህል ርቀት እንደሚሠራ ሊወስን አይችልም።

ሐ. የውሃ ስርገት (7 ነጥብ)። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ጣሳ በክልክሉ ሣር መካከል፣ ሌላው በከብት መሄጃ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተከላል። እኩል ውሃ ተጨምሮ በ10 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካል። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ውሃ ቶሎ ስለሚመጥ፣ እርስዎ አስቀድመው አንድ ጊዜ ያርጥቡት። የጣሳውን ጠርዝ አዋቂ ሰው ቆርጦ ያለስልሰው፤ ተማሪዎች በባዶ መዳፍ አይጫኑት።

6. ሦስቱ የግጦሽ ጣቢያዎች (35 ነጥብ)

መ. ዕፀዋትን መለየት (15 ነጥብ)። በቁመናቸው የቆሙ 10 ዕፀዋት ላይ ቁጥር ያስሩ። ተማሪው ስሙን ይጽፋል፤ ከሦስቱ ምድቦችም በአንዱ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ከብት አስቀድሞ የሚበላውና ግጦሽ ሲበዛ የሚመናመነው፣ ሁለተኛው ግጦሽን ችሎ የሚስፋፋው፣ ሦስተኛው ከውጭ ገብቶ ቦታ የሚነጥቀው ወራሪ ነው። ለስሙ ግማሽ፣ ለምድቡ አንድ ነጥብ ይስጡ፤ ከስሙ ይልቅ የሚያመለክተው ነገር ይበልጣልና።

በደጋ ብዙ ጊዜ የሚገኙትን ያካትቱ። ማገጥ ገንቢ መኖ ነው፤ አፈሩንም በናይትሮጅን ያዳብራል። ሰርዶ ግጦሽን ይችላል፤ እየተሳበም መሬት ይይዛል። ሰንበሌጥ ለጋ ሳለ ይበላል፤ ሲያረጅ ለቤት ክዳን ይሆናል። ለስፌት የሚውለው አክርማ ጠንካራ ስለሆነ ከብት ካልራበው አይደፍረውም፤ በዝቶ ከታየ ጥሩው ሣር እየተጋጠ መሆኑን ይጠቁማል። ቅንጨ አረም ካለ ከወራሪዎቹ ይመደባል፤ ቆዳን ስለሚያሳክክ ማንም በባዶ እጁ እንዳይነካው አጥብቀው ያስጠንቅቁ።

ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ በአካባቢው በሚነገር ቋንቋ ቢጻፍ ይቀበሉ። ልጁ ሣሩን ያወቀው እናቱ በነገረችው ስም ነው።

ሠ. የእርምጃ ቆጠራ (10 ነጥብ)። ከአራቱ ተማሪዎች እያንዳንዱ 25 እርምጃ ይሄዳል። በየእርምጃው ከጫማው ጫፍ ፊት ያለው ነገር ይመዘገባል፤ ሕያው ሣር፣ የወደቀ ቅጠል፣ ድንጋይ ወይም ባዶ አፈር። ድምሩ 100 ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ መቶኛ ነው። ልጆች ሳይታወቃቸው ባዶውን ዘልለው ሣር ላይ ይረግጣሉ። መፍትሔው ሩቅ ያለ ዛፍ እያዩ እንዲራመዱ ማድረግ ነው። ባዶ አፈር የዝናብ ጠብታ በቀጥታ የሚመታው ስለሆነ፣ ከሁሉም ቁጥሮች ዳኛው አጥብቆ የሚያየው ይህን ነው።

ረ. የመኖ ስሌት (10 ነጥብ)። ውድድሩ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ቢያንስ በ5 ቦታ ጥለው፣ በውስጡ ያለውን ሣር ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገው ይጨዱ። በጥላ አድርቀው ይመዝኑ። በውድድሩ ቀን ተማሪዎች የደረቁትን ነዶዎች መዝነው አማካዩን ያወጣሉ። የአንዱ ፍሬም ግራም በ40 ሲባዛ በሄክታር ያለውን ኪሎ ግራም ይሰጣል።

ምሳሌ፦ አማካዩ 50 ግራም ከሆነ በሄክታር 2000 ኪሎ ግራም ደረቅ ሣር አለ። ግማሹ ይተዋል፤ ሥሩን የሚመግበው፣ አፈሩንም የሚሸፍነው እሱ ነው። 1000 ኪሎ ይቀራል። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ ሄክታር ለአንድ ላም ወደ 166 ቀን፣ ለ10 ላም ግን ወደ 16 ቀን ብቻ ይበቃል። ይህን ቁጥር በራሱ እጅ ያወጣ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ለአባቱ መንገሩ አይቀርም።

7. የውሳኔው ጣቢያ (30 ነጥብ)

ስድስቱ ጣቢያዎች ካለቁ በኋላ ሁሉም ቡድኖች ዕረፍት ወስደው አንድ ካርድ ይቀበላሉ። ካርዱ ላይ ስላዩት መሬት ተጨማሪ ነገር ይጻፋል፦ ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት፣ ስንት ከብት እንዳለ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ። ለ15 ደቂቃ ተመካክረው በ5 ደቂቃ ውሳኔያቸውን ያቀርባሉ። ይታረስ? ይጋጥ? ለጊዜው ይከለል? እርከን፣ ክትር፣ የዴሾ ወይም የቬቲቨር ሣር መስመር፣ ተፈራርቆ ማጋጥ፣ አጭዶ መመገብ፤ የትኛው፣ የት፣ በማን ጉልበት?

ነጥቡን እንዲህ ያከፋፍሉ፦ ከጉድጓዱና ከግጦሹ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ ለጠቀሰ 12፣ መፍትሔው ለመሬቱ የሚስማማ ከሆነ 10፣ በአካባቢው አቅም የሚሠራ ከሆነ 8።

የውድድሩ ልብ ይህ ጣቢያ ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «ይከለል» ብለው ይጨርሳሉ። ያኔ ሽማግሌው ዳኛ «ሁለት ፍየል ብቻ ያላት መበለት ነገ የት ትሂድ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ውሳኔ ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ መሬት ላይ አይጸናም፤ ሌሊት አጥሩ ይፈርሳል። የታጨደውን ሣር እኩል መከፋፈልን፣ ወይም መሬቱን ከፍሎ በየተራ መከለልን ያሰበ ቡድን ከፍተኛውን ነጥብ ያግኝ።

8. የመልስ ቁልፉን ዋዜማ ይጨርሱ

ሦስቱ ዳኞች በዋዜማው ሁሉንም ጣቢያ ራሳቸው ይለኩ፤ በመልሱም ይስማሙ። የሚፈቀደውን ልዩነትም አብረው ይወስኑ። ለተዳፋት 2 በመቶ፣ ለጥልቀት ከምድቡ ወሰን 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለባዶ አፈር 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ቢሆን ይበቃል።

የመልስ ወረቀት ላይ የቡድንና የተማሪ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍ። የቡድኑ ውጤት የአራቱ ተማሪዎች የግል ነጥብ አማካይ (ከ70) ሲደመር የውሳኔው ነጥብ (ከ30) ነው። ውጤት ከመነገሩ በፊት ግን ሁሉንም ወደ ጉድጓዱ መልሰው መልሱን በቦታው ያስረዱ። ተማሪ ስሕተቱን ግድግዳው ላይ ሲያየው ይታረማል፤ ወረቀት ላይ ቀይ ምልክት ሲያይ ግን ይከፋዋል እንጂ አይማርበትም።

9. ሽልማቱ ወደ መሬቱ ይመለስ

ለግለሰቦች ማጭድ፣ ዶማ፣ መጽሐፍ ወይም የፍራፍሬ ችግኝ ይስጡ። ለአሸናፊው ቡድን ግን ትልቁ ሽልማት ሐሳቡ ሥራ ላይ ሲውል ማየት ነው። ከቦታው ተጠቃሚዎች ጋር ተስማምተው ትንሽ ቁራጭ መሬት፣ 20 ሜትር በ20 ሜትር ብትሆንም፣ ያሸነፈው ሐሳብ ይሞከርባት። ሽልማቱን ኅዳር 26፣ የዓለም የአፈር ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ወላጆች ባሉበት ቢሰጡ ወሬው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ያልፋል።

ጉድጓዱን ግን ውድድሩ እንዳለቀ ይድፈኑ፤ የእርምጃ ቆጠራው የተጀመረበትና ያለቀበት ቦታ ላይ ችካል ይትከሉ፤ ከዚያው ችካል ፎቶ ያንሱ፤ ቁጥሮቹንም በክበቡ መዝገብ ይጻፉ። በዓመቱ በዚያው ሳምንት ተመልሰው ያንኑ መስመር ይቁጠሩ። ባዶ አፈሩ 40 ከነበረ አሁን ስንት ነው? ማገጥ ተመልሷል? ቦዩ ሰፍቷል ወይስ ደለል ሞልቶታል? ቁጥሩ ካልተሻሻለም አይደብቁት፤ የሁለተኛው ዓመት ውሳኔ የሚነሣው ከዚያ ነው።

የሚቀጥለውን ጉድጓድ ቦታ የሚመርጡት፣ አዲሶቹንም ቡድኖች የሚያሠለጥኑት የዘንድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች ይሁኑ። የእርስዎ ድርሻ የዚያን ቀን ዶማውን ማቀበል ይሆናል።